የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የእንግሊዝ ቀደምት ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊዎች

ጥያቄ፦ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የተዋጉባቸው አውሮፕላኖች ክንፋቸው የተደረበው ለምንድን ነው? በአንዳንድ ፎቶግራፎች ላይ ሞተሩ ከአብራሪው ኋላ የሚታየውስ ስለ ምን ነው? (የቴክኒክ ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ክንፉ የተደረበው በዋናነት ለጥንካሬ ነው። በዚያ ዘመን ስስ ክንፍ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ጭነቱን ብቻውን የሚሸከም ወፍራም አግዳሚ እንጨት በውስጡ ማሳለፍ አይቻልም ነበር። ሁለት ስስ ክንፎችን በቋሚ እንጨቶችና በሰያፍ በተወጠሩ ሽቦዎች ማያያዝ ግን እንደ ብረት ድልድይ የጸና፣ ክብደቱም የቀለለ አካል ይሰጣል። ከሽቦዎቹ ገሚሱ በበረራ ጊዜ ክንፉ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ሲይዝ፣ ገሚሱ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሳለ ወደ ታች እንዳይረግብ ይደግፋል። በዚያ ላይ ባለ ነጠላ ክንፍ አውሮፕላኖች ተከታትለው በመከስከሳቸው፣ የእንግሊዝ ጦር በ1912 እ.ኤ.አ. ለጥቂት ወራት ከልክሏቸው ነበር።

ሞተሩን ወደ ኋላ የወሰደው መትረየሱ ነው። ጀርመኖች በ1915 ጥይቱ የሚሽከረከረውን ፕሮፔለር ሳይመታ እንዲያልፍ የሚያደርግ መሣሪያ ፎከር በተባለው ተዋጊ አውሮፕላናቸው ላይ ሲገጥሙ፣ እንግሊዞች ገና አስተማማኝ መሣሪያ አልነበራቸውም። ስለዚህ እንግሊዛዊው ጄፍሪ ዴ ሃቪላንድ ዲኤች 2 የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ሲነድፍ፣ 100 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተር ከነፕሮፔለሩ ከአብራሪው ጀርባ አድርጎ አፍንጫውን ለሉዊስ መትረየስ ለቀቀለት። መላው ብልህ ነበር፤ ሆኖም ጭራውን የያዙት የተራቆቱ ዘንጎችና ሽቦዎች አየሩን እየተቃወሙ ፍጥነቱን ቀንሰውበታል።

መሣሪያው ለእንግሊዞችም ሲደርስ ሞተሩ ወደ ፊት ተመለሰ። በ1917 ግንባር የገባው ሶፕዊዝ ካሜል ሁለት ቪከርስ መትረየሶችን በአፍንጫው ላይ ይዞ፣ ሞተሩ፣ ነዳጁና አብራሪው በጠባብ ስፍራ ተጠጋግተው ስለተቀመጡ በቅጽበት ይታጠፍ ነበር። ነገር ግን ሞተሩ ራሱ ከፕሮፔለሩ ጋር ስለሚሽከረከር፣ ወደ ቀኝ ሲዞሩ አፍንጫውን ወደ ታች፣ ወደ ግራ ሲዞሩ ወደ ላይ ይገፋው ስለነበር ብዙ ጀማሪዎችን በልምምድ ላይ ፈጅቷል። ንድፍ መመዘን ያለበት በጀማሪ እጅ ነው ብዬ ስለማምን፣ በዚያው ዓመት ግንባር የደረሰውንና በአየር ላይ የተረጋጋውን ኤስኢ 5ን አስበልጣለሁ።

ጥያቄ፦ የጉሎ ዘይት ለአውሮፕላን ሞተር ይውል ነበር የሚባለው እውነት ነውን? (አንባቢ፣ ከወልድያ)

መልስ፦ አዎን፣ በአገራችን ምጣድ የሚታሰስበት የዚያው የጉሎ ፍሬ ዘይት ነው። በሚሽከረከረው ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ በዘይቱ መካከል አልፎ ወደ ሲሊንደሮቹ ስለሚሄድ፣ የማዕድን ዘይት በቤንዚን እየሟሟ ይቀጥን ነበር፤ የጉሎ ዘይት ግን በቀላሉ አይሟሟም። አንዴ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ስለማይሰበሰብ ወደ ውጭ ይረጭና አብራሪው ፊት ላይ ይደርስ ነበር። የኤስኢ 5 ሞተር ግን ባለበት የሚቆም፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሂስፓኖ ስዊዛ ስለነበር ይህ ችግር አልነበረበትም።