«ትከሻውን ነቀነቀ» ያልነው ሰው ምን ሆኖ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አጫጭር ልብ ወለዶች እጽፋለሁ። «ስሜትን በስሙ አትጥራ፣ በሰውነት እንቅስቃሴ አሳይ» የሚል ምክር ሰምቼ «ተናደደ»፣ «አዘነ»፣ «ፈራ» የሚሉትን ቃላት ከጽሑፌ አወጣኋቸው። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ግን «ሰውዬው ምን እንደተሰማው አልገባንም» አሉኝ፤ አንዷማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ቁራጩ ይኸው፦

«አከራይዋ ‹ከሚመጣው ወር ጀምሮ ሦስት ሺህ ብር ትጨምራለህ› አሉት። ልቡ ራደ። ዓይኖቹን አንከባለለ፤ ትከሻውን ነቀነቀ። እጆቹን ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ በረጅሙ ተንፍሶ ‹እሺ› አላቸው።»

ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? በዚያው «ዓይን» ነው ወይስ «አይን» የሚጻፈው?

መልስ፦ ጥፋቱ ከብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ከሰባቱ ስድስቱ ቢቀነሱና አንዱ ቢቀር፣ የቀረው «ልቡ ራደ» ከሆነ ችግሩ አብሮ ይቀራል። አማርኛ በአካል ክፍል ስም የሚነገሩ ሁለት ዓይነት አባባሎች አሉት። አንደኛው በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ ነው፦ ተነሣ፣ ፊቷን አዞረች፣ ነጠላዋን ሳብ አደረገች። ሁለተኛው የአካል ስም ይጠራ እንጂ ማንም የማያየው ፈሊጥ ነው፦ ሆዱ ባባ፣ አንጀቷ ተላወሰ፣ ደሙ ፈላ፣ ልቡ ራደ። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ በ1979 ዓ.ም. ያሳተሙትን «የአማርኛ ፈሊጦች» ገልጠው ሆድ፣ ልብ፣ ዓይን፣ እጅና አፍ ባሉበት ቢያነቡ የቋንቋው ስሜት ምን ያህል በአካል ስም እንደሚነገር ያያሉ። «ልቡ ራደ» ያለ ጸሐፊ «ፈራ» ማለቱ ነው። ስሜቱን በስሙ ጠርቶታል፤ ስሙ ብቻ ረዘመ።

ፈሊጥ ይቅር እያልኩ አይደለም። ያለ ፈሊጥ የተጻፈ አማርኛ ደረቅ ነው። ነገር ግን የትኛውን እየተጠቀሙ እንደሆነ ይወቁት። መለያው ቀላል ነው፦ ፊት ለፊት ባለው ብሎክ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ጎረቤት ልታየው ትችላለች? የምታየው ከሆነ እንቅስቃሴ ነው፤ ካልሆነ ፈሊጥ ነው። ከዚህ ሌላ ጥንቃቄም ይወለዳል። ታሪኩ በተከራዩ ዓይን የሚተረክ ከሆነ የእሱ አንጀት ሊላወስ ይችላል፤ የአከራይዋ አንጀት መላወሱን ግን ማን አየ? ስለ እሳቸው መጻፍ የሚቻለው እሱ ያየውን ነው። ተራኪው ሳያስበው ከሰው ሆድ ወደ ሰው ሆድ የሚዘለው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ፈሊጦች ላይ ተንሸራትቶ ነው።

በመካከል የቆሙም አሉ። «ጣቱን ነከሰ» በአንድ ወቅት የታየ እንቅስቃሴ ነበር፤ ዛሬ ሲነበብ ጸጸት ብቻ ነው፣ ጣትም ጥርስም አይታይም። እንቅስቃሴውን መመለስ ካሰኘዎት የተለመደውን ቃል ትንሽ ያናጉት፦ «የአውራ ጣቱን ጥፍር ጠርዝ በጥርሱ እየቆረጠ አዳመጣቸው።» አሁን ጣት አየን።

ወደ ቁራጩ ልግባ። ዓይኑን «ያንከባለለ» ሰው ለአማርኛ አንባቢ ራሱን ስቶ ሊወድቅ የደረሰ በሽተኛ ነው። ይህ ከፊልም የመጣ ነው፤ መናቅን ለማሳየት ቋንቋው የራሱ ግሶች አሉት፦ ገላመጠ፣ ገርመም አደረገ፣ ከእግር እስከ ራስ አየ። እነዚህ ዓይኑንም ስሜቱንም አጣብቀው የያዙ ስለሆኑ ተጨማሪ አይሹም፤ «በንዴት ገላመጠችው» ላይ «በንዴት» ትርፍ ነው። ትከሻ ሲነቀነቅ ደግሞ አንባቢው የሚሰማው ከበሮ ነው። ጓደኛዎ የሳቀችው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ኪራይ ተጨመረበት ሲባል ሰውዬው እስክስታ ወረደ። «እጆቹን ጨብጦ» የባሰ ነው። «እጅ ጨበጠ» ሰላምታ ነው፤ ያውም ብቻውን ቆሞ የገዛ እጁን የሚጨብጥ ሰው ሆነ። የፈለጉት «ጡጫውን ጨበጠ» ነው። «ጥርሱን ነክሶ» መቻልን፣ ችግርን መሸከምን ይናገራል፤ «ጥርስ ነከሰባቸው» ሲሆን ቂም ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት የሚሰማ ንዴት ከፈለጉ «ጥርሱን አፋጨ» አለ። «በረጅሙ ተነፈሰ» ደግሞ አብዛኛው አንባቢ ዘንድ እፎይታ ነው። «ራሱን ነቀነቀ» ስንል አዎንታውም አሉታውም፣ ሐዘኑም በአንድ ግስ ስለሚነገር ብቻውን ምንም አይልም፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ከጎኑ ያለው ንግግር ነው። «በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ» ብሎ መጠገን ይቻላል፤ ግን ያን ጊዜ «አዎ» ቢል ያጥር ነበር።

በነጠላና በብዙም ይጠንቀቁ። ጥንድ የአካል ክፍሎች በፈሊጥ ውስጥ በነጠላ ነው የሚኖሩት፦ ዓይኑን አፈጠጠ፣ ጆሮውን አቆመ፣ እጁን ሰጠ። «ዓይኖቹን አፈጠጠ» ስሕተት አይባልም፤ ግን ጆሮ ላይ ይሻክራል፣ አንባቢውንም ሁለቱን ዓይን እንዲቆጥር ያደርገዋል።

ሰዋስው የሚያስቸግረው የቦዝ አንቀጽ ሰልፍ ላይ ነው፦ ጨብጦ፣ ነክሶ፣ ነቅንቆ፣ ተንፍሶ... አለ። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሆነ አንባቢው እነዚህን ሁሉ ሳያራግፍ እስከ «አለ» መሸከም አለበት። ሁለት ቢበቃ ጥሩ ነው፤ ሦስተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይረሳል። ከቁጥሩ በላይ ግን ዓይነቱ ይለያያል። የድርጊት ግስ በቦዝ ሲመጣ ቅደም ተከተል ይሠራል፦ «ስቃ መለሰችለት» ብትሉ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ መለሰች። አብሮ የሚሆነውን የሚናገረው «እየ» ነው፦ «እየሳቀች መለሰችለት»። የአቋቋምና የአቀማመጥ ግስ ሲሆን ግን ቦዙ ራሱ የሚቆይ ሁኔታ ይሆናል፦ «ግድግዳውን ተደግፋ»፣ «አቀርቅሮ»፣ «እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ»። ስለዚህ «አቀርቅሮ መለሰ» ሲባል እንዳቀረቀረ ነው፤ «ተንፍሶ መለሰ» ሲባል ግን ትንፋሹ አልቋል። በእርስዎ ሰልፍ ውስጥ ሁለቱ ዓይነቶች ተደባልቀዋል፤ ጥርሱን እንደነከሰ ነው «እሺ» ያለው ወይስ ለቆት?

ስሜትን በልክ ለመመጠን ቋንቋው የሰጠንን አንድ መሣሪያ ብዙ ጀማሪዎች አይነኩትም። ከ«አለ» እና ከ«አደረገ» ጋር የሚሄዱት ቃላት ሁለት ቅርጽ አላቸው። የመጀመሪያው ፊደል ግዕዝ ሲሆን (ደንገጥ፣ ከፈት፣ ሸሸግ) ድርጊቱ መጠነኛ ነው፤ ሳድስ ሲሆን (ድንግጥ፣ ክፍት፣ ሽሽግ) ሙሉ ነው። «ደንገጥ አለች» ስንል ቡናውን መቅዳት አላቋረጠችም ይሆናል፤ «ድንግጥ አለች» ስንል ጀበናው ቆሟል። ስለዚህ «በጣም ደንገጥ አለ» ወይም «በትንሹ ድንግጥ አለ» ብሎ መጻፍ ቅርጹ የሠራውን ማፍረስ ነው። በዚህ መንገድ የተጻፈ ገጽ «በጣም»ን እና «ትንሽ»ን ከግማሽ በላይ ሊጥል ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር። በእኛ አገር ሰውነት ብዙ ጊዜ የሚናገረው ሥርዓትን ነው፤ ስሜት የሚታየው ሥርዓቱ በተጓደለባት ቦታ ነው። ልጅ አዋቂ ፊት ዓይኑን ቢሰብር ጥፋተኛ ነው ወይም ፈርቷል ማለት አይደለም፤ ጨዋ ነው። ዓይን ዓይናቸውን ያየ ቀን ግን ገጹ ይግላል። ሽማግሌ ሲገቡ ከመቀመጫ ብድግ ማለት፣ «ኧረ በማርያም ተቀመጡ» እስኪባል መቆም፣ ዕቃ በሁለት እጅ መቀበል ወይም ቀኝ ክንድን በግራ እጅ ደገፍ አድርጎ መስጠት፣ ይህ ሁሉ አንባቢው የሚጠብቀው ነው። እንግዲያው ተከራዩ አከራይዋን በር ላይ አቁሞ «ይግቡ» ካላላቸው፣ የቀን ሠራተኛዋ ደመወዟን በአንድ እጅ ከተቀበለች፣ ምራቲቱ ቡና ላይ ከአቦል በኋላ ስኒዋን ደፍታ ከተነሣች፣ ተናደዱ ብሎ የሚጽፍ አያስፈልግም። ያልተደረገውን ይጻፉ። ሥርዓቱን ግን ቀደም ብለው ሌላ ትዕይንት ላይ አንድ ጊዜ ሲፈጸም ያሳዩ፤ አለዚያ መጓደሉን አንባቢው ላያስተውለው ይችላል።

ልብስም አካል ነው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ከብሎኩ የምትወጣን ሴት ያየ ለቅሶ እንዳለ ያውቃል፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ከሸፈነች ሌላ ነው፤ ወገቧ ላይ ከታጠቀችው ለሥራ ወይም ለጠብ ተነሥታለች። እርስዎ ባሉበት ዳር ከተማ ላይ ይህ ሀብት ይበዛል። ለገጣፎ መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ ውስጥ፣ መሬታቸው ለግንባታ የተወሰደባቸው አዛውንት አገጫቸውን በዱላቸው ራስ ላይ አስደግፈው ከሚሄዱበት ወንበር ቀጥሎ ስልኩን ገልብጦ ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ወጣት ይቀመጣል። የአንዱ ዝምታ በዱላና በጋቢ፣ የሌላው በስልክ ነው የሚነገረው። ሁለቱንም «በሐሳብ ተዋጠ» ብሎ መጻፍ ሁለቱንም ማጣት ነው።

ከንፈር መምጠጥንና ወደ ውስጥ የሚሳብ ትንፋሽን ለይቼ ላንሣ፤ ሁለቱም ድምፅ ስላላቸው ይምታታሉ። ከንፈር መምጠጥ ለሌላ ሰው ሐዘን የሚሰጥ ነው፤ ሰው ለራሱ ከንፈሩን ሲመጥ ከተጻፈ እንግዳ ይሆናል። ወደ ውስጥ ሳብ የሚደረገው አጭር ትንፋሽ «አዎ፣ እየሰማሁ ነው» ነው። «ትንፋሿን ሳበች» ብቻ ካሉ ግን ወረቀት ላይ ድንጋጤ ይመስላል፤ «ወሬው ደረጃ በደረጃ ሲወርድ እሷ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ፣ ሳብ እያደረገች ትቀበላለች» ቢሉ ድግግሞሹ አዎንታውን ያመጣዋል።

ቁራጩን እንዲህ ማድረግ ይቻላል። በመጀመሪያ አከራይዋ ምን እንደሚሰማቸው ይወስኑ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ አከራይ ደስ እንዳለው ኪራይ መጨመር አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ጮክ ብለው አይናገሩትም። ይህች ፍርሃት ሰውነታቸውን ትመራልዎታለች፦

«አከራይዋ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቆም ብለው ወደ ላይም ወደ ታችም አዩ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ ‹ስማኝማ ልጄ፣ ከመጪው ወር ሦስት ሺህ ትጨምርልኛለህ› አሉት።

ጀሪካኑን አላስቀመጠውም።

‹እሺ እትዬ› አለ፣ መንገድ ሳይለቅላቸው።»

ልቡ አልራደም፣ ጥርስም አልተነከሰም። ሃያ ሊትር ውኃ ይዞ ደረጃ የወጣ ሰው ሸክሙን ሳያወርድ መቆሙ ንዴቱን ይዞታል። «እትዬ» ብሎ ቃሉን በሥርዓት ጠብቋል፤ እግሩ ግን አልጠበቀም። «መንገድ ሳይለቅላቸው» ከንግግሩ በኋላ የመጣው ሆን ተብሎ ነው፦ አንባቢው «እሺ»ን መጀመሪያ እንደ መታዘዝ ሰምቶ ወዲያው ሐሳቡን እንዲቀይር። ከንግግሩ በፊት ቢቀመጥ «እሺ»ው ገና ሳይነገር ይበላሽ ነበር። ንግግሩና ሰውነቱ አንድ ነገር የሚሉ ከሆነ ግን አንዱን ይሰርዙ። አንቱታውንም ልብ ይበሉ፤ ተራኪው «አሉት» ብሎ ጀምሮ ሁለት መስመር ቆይቶ «ነጠላዋን ሳበች» ካለ አክብሮቱ ተናደ፣ አንባቢውም ሌላ ሴት የመጣች ይመስለዋል።

የቀረውን ጽሑፍዎን ኮምፒውተር ላይ «ነቀነቀ»፣ «ፈገግ»፣ «ተነፈሰ» እያሉ ይፈልጉበት። አንድ ታሪክ ውስጥ ሁሉም ሰው ፈገግ የሚል ከሆነ ፈገግታው የገጸ ባሕርያቱ ሳይሆን የእርስዎ ነው።

ስለ ሆሄው፦ ግዕዙ ዐይን ነውና በዐይኑ «ዐ» ወይም «ዓ» መጻፉ ሥሩን ይጠብቃል፤ «አይን» ብለው የሚያትሙም ብዙ ናቸው። አንዱን ይምረጡና መጽሐፉን በሙሉ በእሱ ይዝለቁ። «እንባ» ግን ከግዕዙ «አንብዕ» ስለመጣ መነሻው በ«እ» ነው፤ «ዕንባ» የሚለው መሠረት የለውም። «ጸጉር» ደግሞ በ«ጸ» ነው፣ በ«ፀ» የለመደ እጅ ቢያስቸግርም።