አፍርሱት ከማለታችን በፊት

ሰላም ወንድሜ። «ያረጀ መጋዘን አፍርሶ አዲስ የጥበብ ማዕከል መሥራት አይሻልም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ አትቸኩሉ ባይ ነኝ።

ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ወደብ ላይ ያለውን ዛይትስ ሞካ የተባለ የጥበብ ሙዚየም ተመልከት። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ የእህል ጎተራ ነበር። ቁመቱ 57 ሜትር ሲሆን ውስጡ 42 የኮንክሪት ቱቦዎች ታጭቀውበታል። እንደልብ የሚቆሙበት ቦታ እንኳ አልነበረውም። ንድፍ አውጪው ቶማስ ሄዘርዊክ ታዲያ ምን አደረገ? አንዲት የበቆሎ ፍሬ ወስዶ ቅርጿን በኮምፒውተር አጎላው። ከዚያ ቱቦዎቹን በዚያው ቅርጽ ከመሃል አስፈለፈላቸው። ዛሬ ገብተህ ቀና ብትል የተቆረጠው ጠርዝ ተወልውሎ ሲያበራ ታያለህ። የቀረው ግድግዳ ግን እንደ ድሮው ሻካራ ነው። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ አዲስ ሕንፃ ላይ ይህን ከየት ታመጣዋለህ? ሙዚየሙ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ተከፍቶ የዘመኑን የአፍሪካ ጥበብ ያሳያል።

በርካሽ ያልቃል ግን አልልህም። ቱቦዎቹ ከመቆረጣቸው በፊት እንዳይናዱ ውስጣቸው በአዲስ ኮንክሪት ተደግፏል። ስለዚህ እናንተም ከሥዕሉና ከመድረኩ በፊት ግድግዳውንና መሠረቱን በደንብ የሚመረምር የስትራክቸር ኢንጅነር አስገቡ።