መልስ፦ የእንግሊዝኛዋ «ሃቭ» የምትገባው መቼ ነው?

ሰላም ወንድሜ። «ጅማ መኖር ከጀመርኩ አምስት ዓመቴ ነው» ለማለት «አይ ሊቭ ኢን ጅማ ፎር ፋይቭ ይርስ» ብል ምኑ ነው ስህተቱ ብለሃል። አማርኛው «ነው» ብሎ ስለሚጨርስ የአሁን ጊዜ መምረጥህ አይገርምም።

እንግሊዝኛ ግን ድሮ ተጀምሮ ዛሬም ላልተቋረጠ ነገር «ሃቭ»ን ይፈልጋል። «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ጅማ ፎር ፋይቭ ይርስ» በል። «ሃቭ»ን አውጥተህ «አይ ሊቭድ» ካልክ፣ ሰሚው ከተማውን ለቀህ የሄድክ ይመስለዋል። እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቁጭ ብለህ ቡና እየጠጣህ!

«ፎር» ለቆይታው ርዝመት ነው፣ «ሲንስ» ለመነሻው። ስለዚህ «ሲንስ 2020» ይባላል እንጂ «ሲንስ ፋይቭ ይርስ» አይባልም። ይቺን ግን መምህራን ሳይቀሩ ሲሏት እሰማለሁ።

ዋናው ወጥመድ ሌላ ነው። «የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቼዋለሁ» የሚለው ከ«አይ ሃቭ ሲን ኢት» ጋር ይገጥማል። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለትም ችግር የለውም። በእንግሊዝኛ ግን «የስተርደይ» ከገባች «ሃቭ» መውጣት አለባት፤ «አይ ሶው ኢት የስተርደይ» ነው የሚባለው። «ላስት ዊክ»ም ሆነ «ኢን 2019» እንደዚያው ናቸው። ያለቀ ጊዜ ከተጠቀሰ «ሃቭ» የለችም።

«ጀስት» ላይ ብዙ አትጨነቅ። «አሁን በላሁ» ለማለት እንግሊዞች «አይቭ ጀስት ኢትን» («አይቭ» «አይ ሃቭ» ሲያጥር ነው) ማለት ይቀናቸዋል፤ አሜሪካኖች «አይ ጀስት ኤት»ም ይላሉ።