ክንፉን እስኪያጥፍ ጠብቁት

ለወጣት የቢራቢሮ ወዳጆች፣

ጀማሪ ሁሉ ትልቁን ቢራቢሮ ያሳድዳል። አልፈርድበትም፤ የመዳፍ ስፋት ያለው ባለቀለም ክንፍ ዓይን ይስባል። እኔ ግን ዕድሜዬን ነፍሳትን በማጥናት ያሳለፍሁ ሽማግሌ ነኝና አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ወደ ሣሩ ጎንበስ በሉ። መሬት ለመሬት የሚበርሩ፣ መንገደኛው ልብ ሳይላቸው የሚያልፋቸው፣ «ሰማያዊዎች» የሚባሉ ደቃቃ ቢራቢሮዎች አሉ። በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው «ምዕራባዊ ድንክ ሰማያዊ» የተባለው ቢራቢሮ ክንፉ ተዘርግቶ ሲለካ አንዳንዴ ከ12 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

ሲበርሩ የምታዩትን ሰማያዊ ቀለም አትመኑት። ክንፉን የሸፈኑት ጥቃቅን ቅርፊቶች ብርሃንን የሚመልሱበት መንገድ የፈጠረው ነውና እንደምትቆሙበት አቅጣጫ ይለዋወጣል። በብዙዎቹ ዝርያዎች ደግሞ ወንዱ ሰማያዊ ሲሆን ሴቷ ቡናማ ናት። «ሰማያዊ ቢራቢሮ አየሁ» ብሎ የሚጽፍልኝ ወጣት ምናልባት ወንድ ማየቱን ነግሮኛል፤ የትኛውን ዝርያ እንዳየ ግን ገና አልነገረኝም።

መታወቂያው ያለው በክንፉ ሥር፣ ማለትም በታችኛው ገጹ ላይ ነው። ስለዚህ አርፎ ክንፉን እስኪያጥፍ ታገሡ፤ ከዚያ የኋላ ክንፉን ተመልከቱ። ነጥቦቹ ነጭ ቀለበት አላቸው? ጠርዙ ላይ ብርቱካናማ ምልክት አለ? ጭራስ? አባጨጓሬው የአተርና የባቄላ ዘመዶችን እሸት የሚበላው «ባለረጅም ጭራ ሰማያዊ» የተባለው ቢራቢሮ ከሥር ሲታይ ቡናማና ነጭ ሞገድ የተሣለበት ነው፤ ከቀጭን ጭራው አጠገብም ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉት። እንዳረፈ የኋላ ክንፎቹን ያፋትጋል፤ ጭራዎቹ እንደ አንቴና፣ ነጥቦቹ እንደ ዓይን ይመስላሉ። ወፏ ሐሰተኛውን ራስ ነክሳ ስትቀር እርሱ በእውነተኛው ራሱ ያመልጣል። የኋላ ክንፉ የተቦጨቀ ካገኛችሁ አትናቁት።

ጠዋት፣ ፀሐይ ሰውነቱን ሳታሞቀው፣ በደንብ መብረር አይችልም፤ ያኔ ቅረቡት። ጥላችሁ ከነካው ግን ይነሣል። ፎቶ ስታነሡ ካሜራው ከታጠፈው ክንፍ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ፎቶ ለጌጥ እንጂ ለመለየት ብዙም አይጠቅምም።

ያረፈበትን ተክል፣ ከሥሩ የሚርመሰመሰውን ጉንዳንም መዝግቡ። ይህ ትርፍ ሥራ የሚመስለው ካለ በብሪታንያ «ትልቁ ሰማያዊ» የተባለውን ቢራቢሮ ያስብ። (ትልቅ የተባለው ከዘመዶቹ አንጻር ነው።) ቁጥሩ እየመነመነ ሲሄድ መኖሪያውን ማጠርና መጠበቅ ተሞከረ፤ እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ከአገሪቱ ጠፋ። ምክንያቱን ያገኘው ጄረሚ ቶማስ የተባለው ተመራማሪ ነው። አባጨጓሬውን አንድ ዓይነት ቀይ ጉንዳን ወደ ጎጆው ይወስደዋል፤ አባጨጓሬውም እዚያ የጉንዳኑን እጮች እየበላ ያድጋል። ያ ጉንዳን ደግሞ ሞቃት አፈር ይፈልጋል። ከብት ሣሩን መጋጥ ሲያቆም ሣሩ አደገ፣ አፈሩ ቀዘቀዘ፣ ጉንዳኑ ሄደ፣ ቢራቢሮውም ተከተለው። ሣሩ ዳግም እንዲጋጥ ከተደረገ በኋላ ቢራቢሮው ከስዊድን መጥቶ በአገሪቱ እንደገና እንዲራባ ተደርጓል። ለዓመታት ቢራቢሮውን ብቻ ያየ ሰው ይህን ሊደርስበት አይችልም ነበር።

ቢራቢሮን ከፎቶ የሚለይ አንዳንድ የስልክ መተግበሪያ ሁልጊዜ አንድ ስም ይሰጣችኋል፤ እኔን የሚያናድደኝ ይኸው «ሁልጊዜ» ነው። አንዳንድ ዝርያዎች በማይክሮስኮፕ የመራቢያ አካላቸው ሳይታይ ወይም ዲኤንኤያቸው ሳይመረመር አይለዩም። ያኔ ወገኑን፣ ማለትም ዝርያው ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር የሚመደብበትን ሰፋ ያለ ምድብ፣ ጽፋችሁ አቁሙ፤ ባዶ የተተወ የዝርያ ስም ከተገመተ ስም ይሻላል። በሌላ ወቅትም ወደዚያው ቦታ ተመለሱ፤ በሞቃት አገሮች የአንዳንዱ ዝርያ የዝናብ ወራት ትውልድ ከደረቁ ወራት ትውልድ በክንፉ ሥር ምልክቶች ስለሚለይ ሁለቱንም ፎቶ ከነቀናቸው ጎን ለጎን አስቀምጡ።