መልስ፦ ማይክሮቱቡል ክሮሞዞምን እንዴት ያገኘዋል?

ሕዋስ ሲከፈል ማይክሮቱቡሎች (በሕዋሱ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የፕሮቲን ቱቦዎች) ክሮሞዞሞችን እንዴት ፈልገው እንደሚይዙ፣ ከተሳሳቱስ ምን እንደሚሆን ለጠየቅከው፦

ማይክሮቱቡል የሚሄድበትን አያውቅም። ከስፒንድሉ፣ ማለትም ክሮሞዞሞቹን ከሚለያየው የማይክሮቱቡሎች መዋቅር፣ ከአንዱ ዋልታ (ጫፍ) ተነስቶ ይረዝማል፣ ምንም ካላገኘ በድንገት ይፈርሳል፣ እንደገና ያድጋል። በሴንትሮሜሩ (የክሮሞዞሙ ሁለት ቅጂዎች በሚጣበቁበት ቦታ) ላይ የተሠራውን የፕሮቲን መያዣ፣ ማለትም ኪኔቶኮሩን፣ ከነካ ግን እዚያው ይያዛል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው በጎኑ ነው፤ ጫፉ የሚያዘው በኋላ ነው። ጫፉን በዋናነት የሚጨብጠው ኤንዲሲ80 የተባለው የፕሮቲኖች ስብስብ ነው።

ስህተት የተለመደ ነው። በጣም የሚገርመኝ ሕዋሱ ስህተቱን የሚለይበት መንገድ ነው፦ በውጥረት። እህትማማቾቹ ክሮማቲዶች፣ ማለትም የአንድ ክሮሞዞም ሁለት ቅጂዎች፣ ወደ ተቃራኒ ዋልታዎች ሲጎተቱ መካከላቸው ይወጠራል። ሁለቱም ወደ አንድ ዋልታ ከተያዙ ግን ውጥረት አይኖርም፤ ያኔ ኦሮራ ቢ የተባለው ኤንዛይም ኤንዲሲ80 ላይ ፎስፌት እየጨመረ ጭብጡን ያላላዋል፣ ማይክሮቱቡሉም ይለቃል፣ ሙከራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ውጥረት ትስስርን እንደሚያጸና የሕዋስ ተመራማሪው ብሩስ ኒክላስና የሥራ ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1969 በእጃቸው አሳይተዋል። በሜዮሲስ (የመራቢያ ሕዋሶች በሚፈጠሩበት ክፍፍል) ላይ ባለ የፌንጣ ሕዋስ ውስጥ፣ በስህተት ወደ አንድ ዋልታ የተያያዙ ጥንድ ክሮሞዞሞችን በቀጭን መርፌ ሲወጥሯቸው፣ የተሳሳተው ትስስር ሳይላቀቅ ቆየ!

ጨርሶ ያልተያያዘ ኪኔቶኮር ካለ፣ አንድም ቢሆን፣ ክሮማቲዶቹ እንዳይለያዩ የሚያግድ ምልክት ይልካል። አስቸጋሪው አንድ ኪኔቶኮር ከሁለቱም ዋልታዎች ሲያዝ ነው፤ ተይዟልና ምልክቱ ይጠፋል፣ ክሮማቲዱም ሌሎቹ ሲሄዱ መሃል ላይ ሊቀር ይችላል።