መልስ፦ ቤት ከመታ ግጥም ነው ወይ?

ሰላም ወንድሜ፣ «መጨረሻው ቤት ከመታ ግጥም አይደለም ወይ? ወል ቤት የሚሉትስ ምንድን ነው?» ላልከው፦ ቤት መምታቱ ግማሹ ሥራ ነው፤ ሌላው ምጣኔ (የስንኙ ልክ) ነው። ወል ቤት ስንኙ መሃል ላይ ይሰበርና ግራና ቀኙ 6፣ 6 ቀለም (ስናነብ አንድ ላይ የሚወጣ የድምፅ ክፍል) ይይዛል። ይኸው፣ አሁን የሞነጫጨርኳት፦

ቡናው ፈላ ብለሽ / ጠርተሽኝ ስመጣ፣
ጀበናው ቀዝቅዞ / ሲኒው ባዶ ወጣ።

ስትቆጥር ግን ፊደል እንዳትቆጥር! ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ጠርተሽኝ» በፊደል 5 ነው፣ በአፍ ግን ጠር-ተ-ሽኝ፣ 3 ብቻ። ሳድሱ (እንደ «ር» ያለው ስድስተኛ ፊደል) በራሱ ካልተነበበ አይቆጠርም። በጣትህ ጠረጴዛ እየመታህ ሞክረው። ቤቱም «ጣ» በ«ጣ» ነው፤ «ታ» ብታመጣበት ለእኔ ጆሮ ይጎረብጣል።

ሌላው የግጥም ዓይነት ሰንጎ መገን 5፣ 5 ነው። ቡሄ በሉ ደግሞ 4፣ 4፤ ስሙን ብቻ ብትቆጥረው ልኩን ይነግርሃል፣ ቡ-ሄ በ-ሉ።

የግዕዝ ቅኔ ሌላ ዓለም ነው፤ ከዓይነቶቹ ጉባኤ ቃና 2 ቤት (ስንኝ)፣ መወድስ 8 ቤት አለው። እሱን በጽሑፍ ሳይሆን ከመምህር እግር ሥር ነው የሚማሩት። አንተ በወል ቤት ጀምርና አራት ስንኝ እዚሁ ለጥፍልን፣ አብረን እንቆጥራለን።