የትምህርት ክፍል ምርጫ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀር

ጥያቄ፦ «በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አማካይ ውጤቴ 3.1 ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የትምህርት ክፍል ምርጫ እንሞላለን። አባቴ ከጤና ሌላ ምንም መስማት አይፈልግም። የዶርም ጓደኞቼ ሁሉም ኮምፒውተር ሊሞሉ ተስማምተዋል። እኔ ባዮሎጂ እወዳለሁ፤ ቤት ስሆን ደግሞ የተበላሸ ሬዲዮና የእናቴን የስፌት መኪና ፈታትቼ መጠገን ደስ ይለኛል። ሰው ደስ ብሎት የሚሠራውን ሙያ እንዴት ነው የሚያውቀው?»

መልስ፦ እህታችን፣ ሦስት ሳምንት በቂ ጊዜ ነው፤ ዶርም ተቀምጦ በማሰብ ካለቀ ግን አይበቃም። ብዙ ተማሪ «የምወደው ምንድን ነው?» እያለ ሲብሰለሰል ይከርምና ቅጹ ሊዘጋ ሲል ጓደኛው የሞላውን ገልብጦ ይሞላል። የሚስማማሽን ሙያ የምታውቂው ሥራው በአንድ ተራ ማክሰኞ ምን እንደሚመስል አይተሽ ነው። ስለዚህ የትምህርት ክፍሉን ስም ለጊዜው ተዪውና የባለሙያውን የቀን ውሎ ፈልጊ።

ባዮሎጂ መውደድሽ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ነርስ ፈረቃዋን ስትጀምር ሕሙማኑን ከአዳር ተረኛዋ ትረከባለች፤ ሙቀት፣ የደም ግፊትና ትንፋሽ ትለካለች፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጣለች፤ የሠራችውን ሁሉ ካርዱ ላይ ትጽፋለች፤ በዚህ መሃል የአስታማሚው ጥያቄ አያባራም። የላብራቶሪ ባለሙያ ደግሞ ናሙና ትቀበላለች፣ የማን እንደሆነ ምልክት ታደርግበታለች፣ ማሽኑ በትክክል መሥራቱን ታረጋግጣለች፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ታጎነብሳለች፣ ውጤት ትመዘግባለች። ከታካሚ ጋር የምታወራው ደም ስትቀዳ ብቻ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። ሁለቱም ባዮሎጂ ተምረዋል። ሰው ሲበዛ የሚነቃቃ ሰው ላብራቶሪ ውስጥ ይፈዛል፤ ጸጥታ የሚወድ ሰው ደግሞ ከዋርድ ማታ ተሟጦ ይወጣል።

ስለ ጥገናው የጻፍሽው ከባዮሎጂው የበለጠ ፍንጭ ይሰጣል፤ ግን ገና ጥሬ ነው። የስፌት መኪናውን ስትጠግኚ ደስታው የቱ ላይ ነው? ብልሽቱን በመላ ምት ፈልጎ ማግኘቱ ላይ? በእጅ መሥራቱ ላይ? ማንም ሳይረብሽሽ ብቻሽን መቆየትሽ ላይ? ወይስ እናትሽ መልሰው ሲሰፉበት ማየቱ ላይ? የመጀመሪያው ከሆነ ወደ ምርመራ ሥራ ያደላል፤ የመጨረሻው ከሆነ ደግሞ የምታገለግዪው ሰው ፊት ለፊትሽ የሚቀመጥበት ሥራ ይሻልሻል። ይህን ለመለየት ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ያዢ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሰዓቱ ሳይታወቅሽ ያለፈባቸውን 10 አጋጣሚዎች ጻፊ፤ ትምህርት ቤትም፣ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ጎን ያደረግሽውን በአንድ ግስ አስቀምጪ፦ ፈታሁ፣ ለየሁ፣ አስረዳሁ፣ አሰላሁ፣ ሣልሁ፣ አደራጀሁ፣ አስታረቅሁ። «ባዮሎጂ» ወይም «ፊዚክስ» ብለሽ አትጻፊ። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተደጋገመው ግስ ከማንኛውም የፈተና ውጤትሽ የተሻለ ምስክር ነው።

በኢንተርኔት ያሉትን የሙያ ዝንባሌ መጠይቆች ብትሞክሪ አይጎዳም። አብዛኞቹ የተቀዱት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ሆላንድ ሰዎችንና ሥራዎችን በስድስት ዓይነት ከከፈለበት ሐሳብ ነው፦ በእጅ መሥራት፣ መመርመር፣ መፍጠር፣ ሰውን መርዳት፣ መምራትና መሸጥ፣ ሥርዓት ማስያዝ። ከፍተኛ ነጥብ ያመጣሽባቸውን ሁለቱን ያዢ። መጨረሻ ላይ የሚደረድርልሽን የሙያ ዝርዝር ግን እለፊው፤ ለሌላ አገር የሥራ ገበያ የተዘጋጀ ስለሆነ ግማሹን ጎንደር ላይ የሚቀጥርሽ የለም።

አንድ ሥራ ከዓመታት በኋላም እንዳይሰለች የሚያደርገው ምንድን ነው ለሚለው፣ ሃክማንና ኦልድሃም የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስቀመጧቸው አምስት መመዘኛዎች ዛሬም ይሠራሉ። ሥራው የተለያየ ችሎታ ይጠይቃል? አንድን ነገር ከመነሻው እስከ መጨረሻው ትሠሪዋለሽ ወይስ ቁራጩን ብቻ? የሚጠቀምበት ሰው አለ? በራስሽ የምትወስኚው ነገር አለ? ጥሩ መሥራትሽን ከሥራው ከራሱ ታውቂያለሽ ወይስ አለቃ እስኪነግርሽ ትጠብቂያለሽ? የስፌት መኪናው ጥገና አምስቱንም ያሟላል፤ ደስ ያለሽም በከንቱ አይደለም። ደመወዝ እዚህ ውስጥ ያልገባው ስለማይጠቅም አይመስልሽ። ቤት ኪራይና አስቤዛ የማይሸፍን ሥራ ሌሎቹን አምስቱን ይበላቸዋል፤ ስለዚህ ስድስተኛ አድርገሽ ጨምሪው።

ከጻፍሽልን በመነሣት ሁለት ሙያዎች እንድታዪ እንመክራለን። ምረጫቸው ማለታችን አይደለም።

የመጀመሪያው ኦፕቶሜትሪ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። ባለሙያዋ ታካሚውን አንድ በአንድ ታስቀምጣለች፣ የፊደል ሰሌዳ ታስነብባለች፣ ሌንስ እየቀያየረች የመነጽሩን ቁጥር ታወጣለች፣ የዐይኑን ጤንነት በመሣሪያ ታያለች፤ የዐይን ሞራ ወይም ግላኮማ (የዐይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ስትጠረጥር ወደ ሐኪም ትልካለች። ልኬቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ውጤቱም እዚያው ይታያል፦ ሰውየው ሌንሱን ሲያደርግ ያነባል ወይ አያነብም። ችግሩ፣ እንደ ነርስ በየጤና ጣቢያው የሚቀጥር የለውም፤ ሥራው የዐይን ክፍል ባላቸው ሆስፒታሎችና በመነጽር ቤቶች ዙሪያ ያተኮረ ነው። ዘመድ ሁሉ «የዐይን ሐኪም» እያለ ሲጠራሽ ማረሙም ሌላ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ባዮሜዲካል ምህንድስና ነው። የሆስፒታል መሣሪያ፣ ማለትም የጨቅላ ማሞቂያው፣ የኦክስጅን ማሽኑ፣ ኤክስሬዩ፣ የሕክምና ዕቃ መቀቀያ ማሽኑ ሲቆም የሚጠራው ይህ ባለሙያ ነው። የአባትሽ «ጤና» እና የአንቺ ጥገና እዚህ ይገናኛሉ። ነገር ግን መብራት ሲዋዥቅ የተቃጠለ ቦርድ፣ ለወራት የሚጠበቅ መለዋወጫ፣ መመሪያ መጽሐፉ የጠፋ ማሽን የዕለት ገጠመኞቹ ናቸው። ሒሳብና ኤሌክትሮኒክስ ይበዛበታል። የምህንድስና ትምህርት አምስት ዓመት ነው፤ የወጪ መጋራት ዕዳውም በዓመቱ ልክ ያድጋል። በዘንድሮው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን፣ ምህንድስናና ጤናም በአንድ ቅጽ ላይ ጎን ለጎን መሞላት መቻላቸውን ነገ ጠዋት ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ። ይህን ሳያጣሩ ሁለት ሳምንት የደከሙበትን ምርጫ ቅጹ ላይ የሚያጡ ተማሪዎች አሉ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለሰዎች ስጪ። ለእያንዳንዱ ሙያ ሁለት ሰው ያስፈልግሻል፦ አንድ የሦስተኛ ወይም የአራተኛ ዓመት ሲኒየር፣ አንድ ደግሞ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት የሠራ። ሲኒየሩ ስለ ትምህርቱ እንጂ ስለ ሥራው ብዙ አያውቅም፤ ሃያ ዓመት የሠራው ደግሞ ዛሬ ሥራ እንዴት እንደሚገኝ ረስቷል። «ጥሩ ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሰው ለይሉኝታ «ጥሩ ነው» ይልሻል። ይልቅ እነዚህን ጠይቂ፦ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠራህ? ከቀኑ በጣም የሚሰለችህ ሰዓት የቱ ነው? አብረውህ ከተመረቁት ስንቱ በሙያው እየሠራ ነው? የመጀመሪያውን ሥራ በምን አገኘህ? ለታናሽ እህትህ ትመክርላታለህ? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ መልሱ ከዘገየ ዝም ብለሽ ጠብቂ። አንድ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ይበቃል፤ ቡናውን ግን አንቺ ክፈዪ።

በሁለተኛው ሳምንት ሥራውን በዐይንሽ እዪ። ሆስፒታል ዋርድ ወይም ላብራቶሪ ዝም ተብሎ አይገባም፤ የታካሚ ምስጢር አለና ትክክልም ነው። ከተማሪዎች ጉዳይ ክፍል የትብብር ደብዳቤ ካገኘሽ የክፍሉን ኃላፊ ግማሽ ቀን ለማየት አስፈቅጂ። ካልተሳካ የመነጽር ቤትና የግል ክሊኒክ ባለቤቶች ከቀትር በኋላ፣ ሰው ሲቀዘቅዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላሉ። የቅዳሜ ጠዋትን ግን ተዪው፤ ገበያ ቀን ማንም አያስተናግድሽም። እዚያ ስትቆሚ ባለሙያውን ብቻ አትዪ፤ ራስሽንም ተከታተዪ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልክሽን ማየት ከጀመርሽ ጻፊው። «እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽም ጻፊው።

በዚያው ሳምንት ማታ ማታ 20 የሥራ ማስታወቂያ ሰብስቢ፤ ከቴሌግራም ቻናሎች፣ ከሪፖርተርና ከበኩር ጋዜጣ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ። ለእያንዳንዱ የሚጠየቀውን የትምህርት ዓይነት፣ የልምድ ዓመት፣ የሥራ ቦታና ተጨማሪ ችሎታ ጻፊ። «0 ዓመት» የሚል ስንት እንደሆነ ቁጠሪ፤ አዲስ ምሩቅ በቀጥታ ሊወዳደር የሚችለው በእሱ ላይ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስንም በዚሁ ሚዛን መዝኚው፤ የዶርም ልጆች ሁሉ ስለሞሉት ብቻ አይሞላም፣ ስለሞሉትም አይጣልም። እነሱ በሁለተኛው ዓመት ሌላ ክፍል ውስጥ ሌላ ጓደኛ ያገኛሉ፤ ኮዱን በሌሊት የምትጽፊው አንቺ ነሽ።

ስለ ፈተና ባጭሩ፦ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ጤና ላይ ለመሥራት በተጨማሪ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አራት ወይም አምስት ዓመት በግድ የምታነቢውን ትምህርት መምረጥ መጨረሻው ላይ ያስከፍላል።

ቅጹ ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ታች ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ሲያስቡበት ሰንብተው የቀረውን በዘፈቀደ ይሞላሉ። ምደባው በውጤትና በምርጫ ስለሆነ፣ በ3.1 አራተኛ ወይም ስድስተኛ ምርጫሽ ሊደርስሽ ይችላል። ስለዚህ ከላይ አንድ ሁለቱን ውጤትሽ ሊበቃም ላይበቃም የሚችልባቸውን፣ መሃሉ ላይ የምትደርሺባቸውን፣ ታች ደግሞ ቢደርሱሽ የማታለቅሺባቸውን አድርጊ። ያለፈው ዓመት በየክፍሉ የመጨረሻው ተቀባይ በስንት እንደገባ ከሲኒየሮች ጠይቂ፤ ቁጥሩ በየዓመቱ እንደ ተወዳዳሪው ይለዋወጣል፣ ለግምት ግን ይረዳል። «በኋላ እቀይራለሁ» ብለሽ አትሙዪ፤ መቀየር በቦታና በፈቃድ የታሰረ ነው። ውጤቴ እንዳይባክን ብሎ ከፍተኛ ነጥብ የሚጠይቀውን መሙላትም ሌላው ወጥመድ ነው። ነጥብ መግቢያ እንጂ ውሎ አይደለም።

አባትሽን በተመለከተ፣ «ጤና አልፈልግም» ብለሽ አትጀምሪ። አባት «ጤና» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ማለቱ ነው፦ ሥራ አታጣም፣ ትከበራለች፣ ስንታመም ትደርስልናለች። የትኛው እንደሚያሳስባቸው ጠይቂያቸው። ሥራ ማጣት ከሆነ የሰበሰብሽውን 20 ማስታወቂያ አሳዪያቸው፤ እንደ ድሮው ጤና የተማረ ሁሉ ወዲያው ተመድቦ ሥራ እንደማይጀምር ከአንቺ ከሚሰሙ ከወረቀቱ ቢያዩት ይሻላል። ክብር ከሆነ ያነጋገርሻቸውን ባለሙያዎች ጥቀሺላቸው፤ ከተቻለ አንዱን እሑድ ቤት ጋብዢውና ራሱ ይንገራቸው። ይህን ወሬ በስልክ አታድርጊው፤ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና ላይ፣ እናትሽ ባሉበት ይሁን። ቅጹ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረውም አይሁን፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድመሽ፣ አስበውበት እንዲመለሱ።

ከዚያ በኋላም አልስማማም ካሉ፣ በጤናው ዝርዝር ውስጥ ከግሶችሽ ጋር የሚቀራረበውን አንደኛ አድርጊ። ኦፕቶሜትሪ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ላብራቶሪ ሁሉም «ጤና» ናቸው፤ ውሏቸው ግን ለየቅል ነው። በመጨረሻ ቅጹን ስታስገቢ የሞላሽውን ቅደም ተከተል በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ምደባው ሲወጣ ቅሬታ ማቅረብ ካስፈለገሽ መጀመሪያ የምትጠየቂው እሱን ነው።